ትራውት በማዲሰን ወንዝ፦ በሰመር ከጋይድ ጋር ለሚያጠምዱ

ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። በሰመር ወደ ምዕራብ አሜሪካ ወንዞች የሚሄድ ሰው ይህን ከያዘ ሌላው ሁሉ መስመር ይይዝለታል። የትኛው ሳምንት እንደሚሻል፣ ጠዋት ስንት ሰዓት መነሳት እንዳለበት፣ የያዘውን ዓሣ ምን ያህል ጊዜ ማታገል እንደሚችል፣ እንዴትስ እንደሚለቀው የሚወስነው የውሃው ሙቀት ነው። ሀገር ቤት የምናውቀው አምባዛ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃማ ውሃ ውስጥ እንኳ ብቅ ብሎ አየር እየሳበ ይኖራል። ትራውት ይህን አይችልም። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ዓሣው ደግሞ ሙቀቱ ሰውነቱን ስለሚያፈጥነው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ በሞቃት ቀን ማንም መንጠቆ ሳይጥልበት እንኳ ጭንቅ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ በሞንታና ግዛት ስለሚገኘው ስለ ማዲሰን ወንዝ ነው። ለመማር ከዚህ የተሻለ ወንዝ ማግኘት ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ወንዙ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፋየርሆልና ጊበን የተባሉት ወንዞች ከሚገናኙበት ይጀምራል። ከፓርኩ እንደወጣ በሄብገን ግድብ ሐይቅ፣ ቀጥሎም በኩዌክ ሐይቅ በኩል ያልፋል። ኩዌክ ሐይቅን የፈጠረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1959 ሌሊት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ተራራው ተንዶ ወንዙን ዘጋው፤ በአደጋውም 28 ሰዎች ሞቱ። ከሐይቁ በታች እስከ ኤኒስ ከተማ ድረስ ወንዙ 50 ማይል ለሚሆን ርቀት በድንጋይ ላይ እየተንሸራሸረ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱም ብዙ አይደለም። ውሃው ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ስለሚሄድ አየር ይቀላቀልበታል፤ ትራውትም የሚወደው ይህንኑ ነው።

በወንዙ የሚገኙት በዋነኛነት ቡናማው ትራውትና ሬይንቦው ትራውት ናቸው። ቡናማው ዘሩ ከአውሮፓ፣ ሬይንቦው ከፓሲፊክ ዳርቻ የመጣ ነው። የባሌን ተራሮች የሚያውቅ አንባቢ በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚጠመደው ትራውት ትዝ ሊለው ይችላል። እርሱም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ የገባ መጤ ነው። ሞንታና ግን አንድ ነገር በማድረግ ከብዙ ግዛቶች ቀደመች፦ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በእርባታ ጣቢያ ያደገ ትራውት ወንዞቿ ውስጥ መጨመር አቆመች። ለውሳኔው ምክንያት የሆነው እዚሁ ማዲሰን ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። እርባታ ዓሣ ሲጨመር ወንዙ ውስጥ የተወለደው ዓሣ እንደሚቀንስ ጥናቱ አሳየ። ስለዚህ ዛሬ ማዲሰን ላይ የሚይዙት ትራውት ወንዙ ራሱ ያሳደገው ነው። ሲሞት የሚተካውም ከወንዙ የሚወለድ ብቻ ነው።

እዚህ የማወራው ፍላይ ፊሺንግ ስለሚባለው አጠማመድ ነው፤ ለማያውቀው ሰው አንድ ሁለት ቃል። በተለመደው ማጥመድ የሚወረወረው ክብደት ያለው ማጥመጃ ነው፤ ቀጭኑ ክር ይከተለዋል። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። መንጠቆው ላይ በላባ፣ በጸጉርና በክር የተሠራ የነፍሳት አምሳያ አለ፤ ፍላይ ይባላል። ፍላይ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ከወፍራሙ ክር ጫፍ ዓሣው እንዳያየው እየቀጠነ የሚሄድ ግልጽ ክር ይቀጠላል፤ ፍላይው የሚታሰረው በዚህ መጨረሻ ላይ ነው።

ቀኑን መምረጥ

ሰመር ተብሎ ሦስት ወር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በወንዙ ላይ ሳምንት ከሳምንት ይለያያል። በጁን መጀመሪያ የተራራው በረዶ እየቀለጠ ይወርዳል፤ ወንዙ ይሞላል፣ ይደፈርሳልም። በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ ሳልመንፍላይ የሚባሉት ነፍሳት ይወጣሉ። እነዚህ ሦስት አራት ዓመት በእጭነት ከድንጋይ ሥር ኖረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ዳር እየዳሁ ክንፍ የሚያወጡ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ፍጥረታት ናቸው። ቁጥቋጦው ሁሉ በእነርሱ ይሸፈናል። ከጥልቁ የማይወጡት ትልልቅ ዓሦች ሳይቀሩ ወደ ዳር ይመጣሉ። ዝናው ግን ሰው ይሰበስባል። በዚያ ሳምንት ጀልባ ከጀልባ ይጋፋል፤ ጋይድ፣ ማለትም እየቀዘፈ የሚያስጠምድዎትን መሪ፣ ለማግኘትም ወራት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው የጁላይን አጋማሽ ነው። ውሃው ጠርቷል፣ ጎድሏልም፤ ጠዋት ትንንሽ ነፍሳት፣ ምሽት ላይ ደግሞ ካዲስ የሚባሉት የእሳት ራት የሚመስሉ ነፍሳት ይወጣሉ። ዓሣው ብዙ ጊዜ ሳይሰስት ይበላል። ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይ በኦገስት፣ ተራው የፌንጣ ነው። ከሰዓት በኋላ በሸለቆው የሚነሳው ነፋስ ከሣሩ ላይ ፌንጣ እያነሳ ወንዙ ላይ ይጥላል። የፌንጣ አምሳያ ትልቅ ስለሆነ ጀማሪም በደንብ ያየዋል። የውሃ ሙቀት የሚከብደውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ከሰደድ እሳት የሚመጣ ጭስም ሸለቆውን ሊሸፍነው ይችላል።

የሞንታና የዓሣ፣ የዱር እንስሳትና የፓርኮች መሥሪያ ቤት የወንዞችን ሙቀት ይከታተላል። የውሃው ከፍተኛ ሙቀት ለሦስት ተከታታይ ቀናት 73 ዲግሪ ፋራናይት (23 ሴንቲ ግሬድ ገደማ) ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ «ሁት አውል» የሚባለው ገደብ ሊታወጅ ይችላል። በዚህ ገደብ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በአሜሪካ አነጋገር 2 ፒኤም፣ እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ይከለከላል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ባለው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ይመልከቱ። ገደብ ባይታወጅም እንኳ ውሃው 68 ዲግሪ (20 ሴንቲ ግሬድ) ሲያልፍ ትራውት መጨነቅ ይጀምራል። ጥሩ ጋይድ ቴርሞሜትር ይዞ ይዞራል፤ ሲሞቅም ጉዞውን ያቆማል። ይህን በመሰለ ቀን «ገንዘቤን ከፍያለሁ» ብለው አይከራከሩት።

ጋይዱን መያዝ

በሞንታና ጋይድ ሆኖ የሚሠራ ሰው የግዛቱን ፈቃድ መያዝና ፈቃድ ባለው ድርጅት ሥር መሥራት አለበት። ሲደውሉ በመጀመሪያ ይህን ይጠይቁ። በኤኒስና በዌስት የሎውስቶን ከተሞች ጉዞ የሚያዘጋጁ የፍላይ ፊሺንግ ሱቆች አሉ። ኤኒስ ከቦዝማን አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ከዴንቨርም ሆነ ከሲያትል በመኪና ለሚመጣ ግን የሙሉ ቀን መንገድ ስለሆነ ዋዜማውን ደርሰው ይደሩ።

ዋጋው የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። አንድ ጀልባ ጋይዱንና ሁለት አጥማጆችን ይይዛል፤ ለሙሉ ቀን ብዙውን ጊዜ ከ600 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ወንድም ከወንድሙ፣ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ቢካፈለው ይቀላል። ሲይዙ ምን ምን እንደሚጨምር ይጠይቁ፦ ምሳ፣ ዘንግ፣ ፍላይ፣ ውሃ የማያስገባው ረጅም ሱሪ። ለጋይዱ የሚሰጠው ጉርሻ ዋጋው ውስጥ አይካተትም፤ ለብቻው ያስቡበት።

ቀጥሎ ያለው ነገር ከሁሉ የበለጠ ይጠቅምዎታል፦ ስለ ራስዎ እውነቱን ይንገሯቸው። ዘንግ ይዘው የማያውቁ ከሆነ «ጀማሪ ነኝ» ይበሉ። ጋይዱ የሚወስድዎትን የወንዙን ክፍል፣ የሚያስረውን ፍላይ፣ ጀልባውን ከዳር የሚያርቅበትን ርቀት ሳይቀር የሚመርጠው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። ጉልበት የሚያምዎት፣ ዋና የማይችሉ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለብዎት ከሆነም እንዲሁ። እኛ ዘንድ ድክመትን ለማያውቁት ሰው ማውራት ያሳፍራል፤ እዚህ ግን ዝምታው ቀኑን ያበላሻል። ምን እንደሚፈልጉም ይንገሩ። ብዙ ትንንሽ ዓሣ መያዝ፣ አንድ ትልቅ መጠበቅ፣ ወይም መወርወር መማር ሦስት የተለያዩ ቀናት ናቸው።

ምሳውን በሚመለከት ከብዙ አንባቢ ያልተለመደ ጥያቄ ይነሳል። የማዲሰን ምርጥ ሳምንታት ከጾም ጋር ይገናኛሉ። ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 (ጁላይ 12) ዋዜማ ይዘልቃል፤ የነሐሴው የፍልሰታ ጾም ደግሞ ከነሐሴ 1 (ኦገስት 7) ጀምሮ የፌንጣውን ጊዜ እኩሌታ ይወስዳል፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። የጋይድ ምሳ ብዙ ጊዜ የሥጋና የአይብ ሳንድዊች ነው። ሲይዙ «ቪጋን» ብለው ይዘዙ፤ ወተት፣ ቅቤ፣ ማዮኔዝም እንዳይገባበት በግልጽ ይናገሩ። ሐላል ለሚፈልግም ያው ነው። ይበልጥ የሚቀለው ግን የራስን ሽሮ ፍትፍት ወይም ዳቦና ቆሎ ይዞ መሄድ ነው፤ በጀልባው ላይ ማቀዝቀዣ ሳጥን አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ይህንንም ለጋይዱ አስቀድሞ ይንገረው። ለስምንት ሰዓት ያህል ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ ውሎ ራሱን የሚያዞረው ሰው ጀልባ ላይ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

ፈቃዱና ልብሱ

የማጥመጃ ፈቃድ የሚያወጣው ጋይዱ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ወይም ከሱቁ ይገዛሉ። ከግዛቱ ውጭ ለሚመጣ ሰው ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ቀናት የሚያገለግል ይሸጣል። ከማጥመጃው ፈቃድ ጋር የጥበቃ ፈቃድና ወራሪ የውሃ ፍጥረታትን ለመከላከል የሚከፈለው ማለፊያም አብረው ይጠየቃሉ። የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ለማጥመድ ካሰቡ የፓርኩ ፈቃድ ሌላ ነው።

ኤኒስ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ያቃጥላል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። ስለዚህ ደራርበው ይልበሱ፦ ቀላል እጅጌ ረጅም ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ በቦርሳ ውስጥ የዝናብ ጃኬት። ባለ ክፈፍ ኮፍያና ፖላራይዝድ መነጽር ግዴታ ናቸው። መነጽሩ የውሃውን ነጸብራቅ ቆርጦ ዓሣውን ያሳይዎታል፤ ከዚያም በላይ በአየር ላይ የሚበር መንጠቆ ዓይንዎን እንዳያገኘው ይከላከላል። ደማቅ ነጭ ወይም ቀይ ልብስ ይተዉ። የፀሐይ ክሬም የተቀባ እጅ ክሩንም ፍላይውንም ስለሚያቆሽሽ መዳፍዎን ይጥረጉ።

ጀልባው ላይ

ቀደም ብለው ይገናኙ። በሞቃት ሳምንት ጋይዱ «ንጋት ላይ እንነሳ» ካለዎት እሺ ይበሉ፤ ውሃው ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ገና ያልተላቀቀበት ሰዓት የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው።

ጀልባው ከእንጨት ወይም ከፋይበር የተሠራ፣ አፍንጫውና ጅራቱ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው። ጋይዱ መሃል ተቀምጦ ፊቱን ወደ ታችኛው ወንዝ አዙሮ ወደ ኋላ ይቀዝፋል፤ ሥራው ጀልባውን መግፋት ሳይሆን ከውሃው ይልቅ ማዘግየት ነው። አንዱ አጥማጅ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይሆናል። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ አትወርውሩ። የፊተኛው ወደፊት፣ የኋለኛው ጎን ለጎን ይወርውር፤ ክሩ በጋይዱ ራስ ላይ ማለፍ የለበትም። ከመነሳትዎ በፊት ለጋይዱ ይንገሩት፤ ድንጋያማው ውሃ ውስጥ አንድ ሰው በድንገት ሲነሳ ጀልባው ሚዛኑን ያጣል።

ጋይዱ ቦታ የሚያመለክተው በሰዓት ነው። የጀልባው አፍንጫ 12 ቁጥር ነው፤ 3 ቁጥር ቀኝ ጎን፣ 9 ቁጥር ግራ ጎን። «አስር ሰዓት፣ ከድንጋዩ ኋላ» ሲል ወደፊት በግራ በኩል ማለቱ ነው። የኛን አቆጣጠር የለመደ ሰው ለአፍታ ይደናገራልና የግድግዳ ሰዓት ገጽ በዓይነ ህሊናው ይሳል።

ውርወራው ከጉልበት ይልቅ መታገስን ይጠይቃል። ዘንጉ ብዙውን ጊዜ 9 ጫማ (2.7 ሜትር) ርዝመት ያለው፣ 5 ቁጥር ክር የሚይዝ ነው። አውራ ጣትዎን ከእጀታው ላይ አሳርፈው ዘንጉን እያፈጠኑ ወደ ኋላ ያንሱትና ከትከሻዎ ትንሽ እንዳለፈ ቀጥ ያድርጉት። ክሩ ከኋላዎ እስኪዘረጋ ይጠብቁ። ከዚያ ወደፊት እያፈጠኑ ይምጡና ፊት ለፊትዎ ከዓይንዎ ከፍታ በላይ እንደገና ቀጥ ያድርጉት። ክሩ ከኋላ ሳይዘረጋ ወደፊት ከገፉት እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ከሰሙ ፍላይው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አርቀው ለመወርወር አይጨነቁ። ማዲሰን ላይ 10 ሜትር የሚወረውር ሰው ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲይዝ ይውላል፤ ጀልባውን ወደ ዓሣው የሚያቀርበው ጋይዱ ነው።

ውሃውን ማንበብና ክሩን ማቃናት

ትራውት ከወንዝ ጋር እየታገለ ቀኑን አይውልም። ጉልበቱን ይቆጥባል። ዘገምተኛ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ምግብ ይዞ የሚያልፈው ፈጣን ውሃ ግን በቅርቡ መሆን አለበት። ስለዚህ ዓይንዎ የሚፈልገው ድንበር ነው። ፈጣኑና ዘገምተኛው ውሃ የሚለያዩበት ቀጭን መስመር አንዱ ነው። ማዲሰን ውስጥ ተነጥፎ የሚገኘው ትልቅ ድንጋይ ከኋላው ብቻ ሳይሆን ከፊቱም የተረጋጋ ኪስ አለው፤ ብዙ ሰው የፊተኛውን ይዘነጋል። ከዳር ያለው፣ ጥልቀቱ ከጉልበት የማይበልጥ ውሃም አለ። ትልልቆቹ ቡናማዎች በፌንጣ ወራት ከሣሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይቆማሉ። ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ዓሣው አየር ወደበዛበት ሻካራ ውሃ ይጠጋል።

አሁን ዋናው ነገር። ፍላይው ውሃው ላይ ሲያርፍ በራሱ እንደሚንሳፈፍ ነፍሳት፣ ከሥሩ ባለው ውሃ ፍጥነት ልክ መሄድ አለበት። ችግሩ በእርስዎና በፍላይው መካከል ያለው ክር የተለያየ ፍጥነት ባላቸው ውሃዎች ላይ መተኛቱ ነው። መሃሉ ያለው ፈጣን ውሃ ክሩን ወደ ታች ይለጥጠዋል፣ ክሩም ፍላይውን ይጎትተዋል፣ ፍላይውም ውሃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ትራውቱ እንዲህ የሚሄድ ፌንጣ አይቶ አያውቅምና ይተወዋል።

መፍትሔው ሜንድ ይባላል፦ ክሩን ማቃናት። ፍላይው እንዳረፈ የዘንጉን ጫፍ ከፍ ያድርጉ፤ ከውሃው የተነሳውን ክር በለዘብተኛ ግማሽ ክብ ወደ ላይኛው ወንዝ አዙረው ያስተኙት። ፍላይው ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። ክሩ እንደገና ወደ ታች መለጠጥ ሲጀምር ይድገሙት። ጋይድዎ በቀኑ ውስጥ ደጋግሞ የሚናገረው ቃል ይህ ነው፤ «ሜንድ» ሲልዎት ምክንያቱን ሳይጠይቁ ያድርጉት፣ ምክንያቱን ቀጥሎ ያዩታል። አንድ ሰው ከአንድ ቀን ጋይድ ይዞት የሚመለስ አንድ ችሎታ ቢኖር ይህ ይሁን እላለሁ። ቆንጆ መወርወር ሳይችሉ ዓሣ መያዝ ይቻላል። ክሩን ሳያቃኑ መያዝ ግን በአጋጣሚ ብቻ ነው።

ከውሃ ሥር በሚሄድ የእጭ አምሳያ ሲያጠምዱ ክሩ ላይ ትንሽ ተንሳፋፊ ምልክት ይታሰራል። ምልክቱ በትንሹ ከቆመ፣ ከሰመጠ ወይም ወደ ጎን ካለ ዓሣ ነው ብለው ዘንጉን ያንሱ። ድንጋይ ሊሆንም ይችላል፤ ለማወቅ ግን አይጠብቁ፣ ዓሣው አፉ ውስጥ የገባው ነገር ምግብ አለመሆኑን ወዲያው ያውቃል።

መያዝና መልቀቅ

ዓሣው ፌንጣዎን ከላይ ሲውጠው ዘንጉን ከፍ ማድረግ ብቻ ይበቃል። በሙሉ ክንድ መንጨቅ ቀጭኑን ክር ይበጥሰዋል። ከዚያ ዘንጉ እንደ ደጋን ጎብጦ ይቆይ፤ ክሩ በፍጹም አይላላ። ዓሣው ሲሮጥ እጅዎን ከማጠንጠኛው እጀታ ያንሱና ይሩጥ፤ ሲቆም እርስዎ ያጠንጥኑ። ወደ ቀኝ ሲሄድ ዘንጉን አግድም ወደ ግራ ያዘንብሉ፤ በዚህ መንገድ ሚዛኑን ስለሚያጣ ቶሎ ይደክማል።

በሰመር ቶሎ ማስገባት ግዴታ ነው። ለመዝናናት ብሎ ዓሣን ረጅም ጊዜ ማታገል የሚበላውን ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ብዙ አይጎዳ ይሆናል፤ ለሚለቀው ሰው ግን ከባድ ጉዳት ነው። የደከመ ዓሣ ሲለቁት እየዋኘ ይሄድና ከሰዓታት በኋላ ማንም በማያየው ቦታ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጋይዱ ወፈር ያለ የመጨረሻ ክር ካሰረልዎት ለምን ብለው አይጠይቁ፤ በደንብ ይሳቡ። መረቡን የሚይዘው እርሱ ነው። የእርስዎ ድርሻ የዓሣውን ራስ ወደ ውሃው ገጽ አንስቶ መምራት ነው።

ዓሣው መረቡ ውስጥ ከገባ በኋላ መረቡ ውሃ ውስጥ ይቆይ። እጅዎን ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ሙልጭልጭ ልባስ ይገፍፈዋል፣ ከበሽታ የሚጠብቀውም እርሱ ነው። መንጠቆው ወደ ኋላ የሚያይ ስል ጥርስ ካለው ጠዋት ላይ በፒንሳ ጨፍልቀውት ከሆነ አሁን በአንድ ጣት ግፊት ይወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ላይ ይጨፍልቁት። ፎቶ ከፈለጉ መጀመሪያ ካሜራው ይዘጋጅ፣ ጓደኛዎም ቦታውን ይያዝ። ከዚያ አንዱን እጅ ከጅራቱ ሥር፣ ሌላውን ከደረቱ በታች አድርገው ያንሱት። አይጨምቁት፤ ጣትዎም ወደ ስንጥቡ አይግባ። ሲያነሱት የራስዎን ትንፋሽ ይያዙ፤ መተንፈስ ሲፈልጉ እርሱም ይፈልጋልና ወደ ውሃው ይመልሱት። ከአስር ሰከንድ አይለፍ። ውሃው በሞቀበት ቀን ግን ፎቶው ይቅር፤ በመረቡ ውስጥ እንዳለ ማየት ይበቃል።

ሲለቁት ራሱን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙረው፣ ለስላሳ ውሃ ባለበት ቦታ ጅራቱን ቀለል አድርገው ይያዙት። ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ይወጣል። ወዲያና ወዲህ አይናጡት። ጉልበቱ ሲመለስ እጅዎን ራሱ ጥሎ ይሄዳል።

«ዓሣ ይዞ መልቀቅ ምን ይሉታል?» የሚል ዘመድ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሀገር ቤት ዓሣ ለምግብ ነው፣ ለመጫወቻ መያዝም ብዙ ሰው አይዋጥለትም። የምመልሰው ይህን ነው፦ ወንዙ የሚያሳድገው ዓሣ የተቆጠረ ነው፣ የሚያጠምደው ሰው ደግሞ በየዓመቱ ይበዛል፤ ሁሉም ቢወስድ ወንዙ አይችልም። በላይኛው ማዲሰን አብዛኛው ክፍል ትራውት መልቀቅ ሕግ ነው። ልቀቅ የተባለ ሰው በአግባቡ የመልቀቅ ግዴታም አለበት። በአግባቡ መልቀቅ የማይቻልበት ሙቀት ሲመጣ ዘንጉን መሰብሰብ ያለብዎትም ለዚህ ነው።

ከጀልባ ሲወርዱ

ከኩዌክ ሐይቅ መውጫ እስከ ላዮንስ ድልድይ ባለው ክፍል ከጀልባ ላይ ሆኖ ማጥመድ አይፈቀድም፤ በጀልባ ተጉዞ ለማጥመድ ግን መውረድ ነው። ሌላው ቦታም ቢሆን ጋይዱ ደሴት ዳር አቁሞ ያስወርድዎታል። የማዲሰን ድንጋይ ክብ ነው፣ አረንጓዴ ሙልጭልጭም ለብሷል። እግርዎን አያንሱ፤ ድንጋዩን እየዳሰሱ ያንሸራቱት፣ አንዱ ሳይረጋ ሌላውን አያንቀሳቅሱ። ፊትዎን ወደ ላይኛው ወንዝ ያድርጉ፤ ምርኩዝ ካለ ይያዙ፤ የረጅሙን ሱሪ ቀበቶ ጥብቅ ያድርጉ። ከጭን በላይ አይግቡ። ከወደቁ ለመቆም አይታገሉ፤ እግርዎን ወደ ታችኛው ወንዝ አቅንተው በጀርባዎ ይንሳፈፉና ውሃው ሲሳሳ ይነሱ። ዋና የማይችል ሰው ተንሳፋፊ ጃኬቱን ቀኑን ሙሉ አያውልቅ።

ነጎድጓድ ከሰሙ ዘንጉን ያስቀምጡ። ዘንጉ ከግራፋይት የተሠራ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጋይዱ ወደ ዳር ይወስድዎታል፤ ማዕበሉ እስኪያልፍ ዛፍ ሥር ሳይሆን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይቀመጡ።

ከኤኒስ ሐይቅ በታች ያለው የማዲሰን ክፍል የተለየ ነው። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ከእርሱ የሚወጣው ውሃም በጁላይና በኦገስት ለትራውት ይሞቃል። በዚያ ወቅት ሰው በጎማ ላይ ተንጋሎ ሲንሳፈፍበት ያያሉ። በሰመር ቀትር እዚያ ልውሰድዎት የሚል ጋይድ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ቀኑ ሲያልቅ

ለጋይዱ ከዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ መስጠት የተለመደ ነው፤ ዓሣ ባይያዝም እንኳ። ገንዘቡን በጥሬው ይዘው ይሂዱ፣ ወንዙ ዳር ባንክ የለም። የትኛው ፍላይ እንደሠራና የት ቦታ እንደተያዘ ይጠይቁትና ይጻፉ፤ በማግስቱ ብቻዎን ወጥተው መሞከር ይችላሉ። በሞንታና ሕግ ማንም ሰው በሕዝብ መግቢያ ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ ከፍተኛው የውሃ ልክ እስከሚደርስበት ድረስ በሰው መሬት መካከል እንኳ ቢሆን ማጥመድ ይችላል። አጥር ዘሎ በእርሻ አቋርጦ ወደ ወንዝ መግባት ግን ክልክል ነው።

ሱሪዎንና ጫማዎን ሳያጸዱ ወደ ሌላ ወንዝ አይሂዱ። ማዲሰን ውስጥ ከኒውዚላንድ የመጣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ቀንድ አውጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ትንንሽ ሬይንቦው ዓሦችን የሚያዞርና የሚገድል «ዊርሊንግ» የሚባል በሽታ እዚሁ ተገኝቶ ዓሣውን ክፉኛ ጎድቶት ነበር። ሁለቱም በእርጥብ ጫማ ላይ ተሳፍረው ይጓዛሉ። ጭቃውን በብሩሽ ያራግፉ፣ በንጹሕ ውሃ ይለቅልቁ፣ ከዚያም ክሩ ሳይቀር ሁሉም ነገር እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ያስጡት። የጫማው ሥር ከፌልት የተሠራ ከሆነ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፤ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥም አይፈቀድምና በማግስቱ ወደዚያ የሚያልፉ ከሆነ ባለ ጎማ ሥር ጫማ ከሱቁ ይከራዩ።